ሁሉም የደበቁት ጆሮ

መሐረብ ያላችሁ መሐረባችሁን አዘጋጁ፤ የሌላችሁ በእጅጌያችሁ ተብቃቁ። ይህ የምነግራችሁ ታሪክ አንጀት የሚበላ ነውና! መሃል ላይ ሳቅ ቢያመልጣችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ባወራሁት ቁጥር ያመልጠኛል። ብቻ የሳቃችሁበት ሰው ምን ያህል እንደተቃጠለ አትርሱ።

ከአንድ አሮጌ የሙዚቃ አዳራሽ ጀርባ በተለጠፈ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቤቱን ከመድረኩ የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ላነጠሰ ሰው ከወጥ ቤት «ይማርህ» ይመጣለታል። ሚስትየዋ ዘፋኝ ናት። ዘፈኗ ሁሉ መለየት ነው፣ መከዳት ነው፣ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የደስታ ዘፈን ብትሞክር ተመልካቹ «ምን በደልናት?» ብሎ አኩርፎ ወጣ አሉ። ስለዚህ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ትተው አስለቃሽ ይሏታል። ባልየው አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ያን ሣጥን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲስብና ሲገፋ ብረት የሚያግሉበትን ወናፍ ስለሚመስል፣ እሱንም ወናፍ ብለውት ቀሩ። ወናፍ ይነፋል፣ አስለቃሽ ታዜማለች፣ ሕዝቡ ይነፋረቃል፤ ኑሯቸው በዚህ መልክ ብዙ ዘመን ሄደ። ደግሞስ ከዚህ የተሻለ ምን ኑሮ አለ?

ወናፍ ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል። «ዓይን ሌባ ነው፣ የጆሮን ይሰርቃል» ይላል። አስለቃሽ መድረክ ላይ ሐር ብትለብስ ጆንያ ብትለብስ ለእሱ አንድ ነበር፤ ይህም ነገር ሆዷን ሲበላት ኖሯል። ታዲያ አንድ ምሽት፣ የምትወደውን ዘፈን ልትጀምር ስትል፣ ዞር ብትል ወናፍ ዓይኑን ገልጦ ያያታል! እሱም ማየት ብቻ አይደለም፤ ዓይኑ ትከሻዋ ላይ ተተክሎ ቀረ። በማግስቱም አያት። በሣልስቱም እንዲሁ። «እናንተዬ! በዚህ ዕድሜዬ?» አለች በሆዷ። ሽቶ ገዛች። ጎረቤቷን ልብስ ሰፊዋን ጠርታ የቀሚሷን ትከሻ ሰፋ አድርጋ እንድትከፍትላት ለመነቻት። ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን በአፏ እንደያዘች «አንቺ፣ ሰውዬሽ አዲስ ሙሽራ ሆነ እኮ!» ብላ ቀናችባት።

ሰውዬው በቤትም ተለወጠ። ድሮ በሁሉ ነገር ይሟገት የነበረው አሁን የተባለውን ሁሉ «ልክ ነሽ» ይላል። መጋረጃው ይቀየር? ልክ ነሽ። እህቴ መጥታ ትክረም? ልክ ነሽ። ሁለት ጎረቤቶች በውሃ ቧንቧ ተጣልተው አስታርቀን ብለው ቢመጡ፣ አንዱንም «ልክ ነህ»፣ ሌላውንም «ልክ ነህ» ብሎ ሸኛቸው። ሁለቱም ረክተው ሄዱና ማታውኑ ተፈነካከቱ። አስለቃሽ ግን ፍቅር ሰውን እንዲህ ጨዋ ያደርገዋል ብላ አመነች። ምነው ባላመነች!

አንድ ቀን ቀትር ላይ አስለቃሽ ምድጃው አጠገብ ሾርባ ታማስላለች፤ ወናፍ ከበስተኋላዋ ጠረጴዛው ላይ የአኮርዲዮኑን ቁልፎች በጨርቅ ይወለውላል። ሆዷ ሞልቶ ፈሰሰ። በትዳር ዘመኗ ሁሉ በዘፈን ለሺህ ሰው የተናገረችውን፣ ለአንዱ ሰውዋ አንድም ቀን ያልተናገረችውን ነገር ልትናገር ቆረጠች። ፊት ለፊት አፈረችና ጀርባዋን ሰጥታው፣ ማማሰያውን እያሽከረከረች፣ «እኔ እኮ እወድሃለሁ። ነግሬህ ስለማላውቅ ነው እንጂ ሁልጊዜም እወድሃለሁ» አለች። ጠበቀች። ብትዞር ወናፍ አንገቱን ደፍቶ ይወለውላል። ክርኑ ሥር ከሰል ላይ የተጣደው የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳኑ እየዘለለ፣ እያፏጨ፣ ቤቱን ሲያናውጠው ቀና እንኳ አላለም። ኋላ ጥላዋ ሲያርፍበት አየና ፈገግ ብሎ «ልክ ነሽ፣ ትንሽ ጨው ይጎድለዋል» አላት።

አቤት! ምድር ተከፍታ ብትውጣት ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ወር ዓይኑ ትከሻዋ ላይ የተተከለው ስለ ውበቷ አልነበረም። ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ሲል አይቶ መቼ እንደምትጀምር ለማወቅ ነው! ጆሮው ከድቶታል። የዚህ ሰው ጆሮ! ድመት ጣሪያ ላይ ስትራመድ በየትኛው ኖታ እንደረገጠች የሚናገር ሰው! አስለቃሽ ወደ ምድጃው ዞረችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ለነገሩ ድምፅ ብታሰማስ ማን ሊሰማት? እንባዋ ጠብ ጠብ አለና ሾርባው ጨው አገኘ።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?» ትሉኛላችሁ። እንዴት ትንገረው? ወናፍን በልጅነቱ ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ነበር። ያ ሰው ጆሮው መክዳቱን ደብቆ ሲጫወት፣ አንድ ምሽት ባንዱ ጨርሶ ካቆመ በኋላ ብቻውን ቀጠለ። ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተበት። ሽማግሌው አፋቸው ሲከፈት አይቶ ያደነቁት መሰለውና፣ ተነስቶ፣ ደረቱን ይዞ እጅ ነሳ። የዚያን ዕለት ወናፍ እያለቀሰ በጓደኞቹ ፊት ማለ፦ «የእኔን መደንቆር ሌላ ሰው ያወቀ ዕለት፣ ያንኑ ዕለት ከመድረክ እወርዳለሁ። አልመለስም!» ሚስቱ ይህን መሐላ ታውቃለች። ደግሞ ሌላም ነገር ታውቃለች፤ አኮርዲዮኑ ለጥገና የሄደ ጊዜ ይህ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ እህል አልቀምስም ብሎ፣ ሐኪም አስጠርቷታል። መድረክ የተወ ዕለት አፈር እንደሚገባ አልተጠራጠረችም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። አለማወቋን እያስመሰለች፣ ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ ድረስ ትሰቅለው ጀመር። ተመልካቹ «አስም ያዛት እንዴ?» ብሎ አዘነላት። ያ የተከፈተ ቀሚስም በየሳምንቱ ይተረተራል፤ ልብስ ሰፊዋም በየሳምንቱ እየሰፋች «አንቺ ሴትዮ፣ ትዘፍኛለሽ ወይስ ጆንያ ትሸከሚያለሽ?» ትላታለች።

መከራ ብቻውን አይመጣም። ወናፍ ሲስት እየሸፈነ የሚያልፍለት የባንዱ ሳክስፎን ተጫዋች ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ። በዚያው ሰሞን ልጅቷ፣ የአዳራሹ መድረክ መሪ ናት፣ የመጪዎቹን ዝግጅቶች ማስታወቂያ በትልቅ ሰሌዳ ጽፋ በር ላይ ሰቀለች። እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ፦ አስለቃሽ ከነሙሉ ባንዷ። ልበ ስስ የሆናችሁ ቤተሰብ አስከትላችሁ ኑ። ዓርብ፦ የቀልድና የጭፈራ ምሽት፤ ባለፈው ያልሳቁ ዳግም ዕድል ይሰጣቸዋል። ቅዳሜ፦ ታላቁ ካባሬት! ዘፈን፣ ቀልድ፣ ጭፈራ፣ እንባ፣ ሁሉም ተያይዞ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ያለ አንዳች ዕረፍት!»

አስለቃሽ «ያለ አንዳች ዕረፍት» የሚለው ላይ ስትደርስ መልሳ አነበበችው። ወናፍ ዘፈን ማለቁን የሚያውቀው ሰው ሲያጨበጭብ እጆቹን አይቶ ነው። ዕረፍት ከሌለ ጭብጨባ የለም፤ ጭብጨባ ከሌለ የት ደረስን ብሎ ማንን ይጠይቃል?

«አጥፊው ይሄን» አለቻት ልጇን።

«የቱን እማዬ?»

«ዕረፍት የለም የሚለውን። ሰው ሽንት ቤት ይሂድ እንጂ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ባለ አዳራሹ ነው ያዘዘው። ለምኜው ነበር፣ እምቢ አለ።» ልጅቷ ቀለም የነካ ጣቷን ስታሻሽ ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ «አባዬ የሚከብደው ይመስልሻል?» አለች።

«አባትሽ? አባትሽ ምን ሆኖ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዝም ብዬ ነው።»

እናትና ልጅ ተያዩና ሁለቱም ሰሌዳውን ማድነቅ ጀመሩ። ባለ አዳራሹ ደግሞ ድፍን ቅል የሚመስል ራስ ያለው፣ ሲናገር ሁልጊዜ የተቆጣ የሚመስል ሰው ነበር። አስለቃሽ ሄዳ ብትለምነው «በቃ! ሳይቆም ይሂድ ብያለሁ፣ ሳይቆም ይሄዳል!» ብሎ አባረራት። ልምምድ እንኳ እናድርግ ቢባል ወናፍ ደረቱን ነፍቶ «ይህን ሁሉ ዘመን የተጫወትኩትን ምን ልለማመድ? ሕፃን አደረጋችሁኝ?» ብሎ እምቢ አለ። አስለቃሽ የፍርሃቱን መጠን ከደረቱ ከፍታ አወቀችው።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ወንበር ያጣው መስኮት ላይ ተቀመጠ። አስለቃሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ዙሪያዋን ብታይ ነገሩ ሁሉ ግራ ገባት። ድራም መቺው፣ በድምፁም በሆዱም ነጎድጓድ የሚሉት፣ ሁልጊዜ በነጠላ ጫማ የሚመጣው ሰውዬ፣ ዛሬ ሶሉ ወፍራም እንጨት የሆነ ጫማ ተጫምቷል። «ምንድነው ይሄ?» ብትለው «እግሬን ይበርደኛል እትዬ» አላት ላቡን እየጠረገ። ልጇ የእጅ ባትሪ ይዛለች፤ «ደረጃው ይጨልማል እማዬ።» ባለ አዳራሹ ደግሞ በዚያ ራሱ ላይ ጎማ የሚያህል ነጭ ባርኔጣ ደፍቶ ከኋላ በኩል ቆሟል፤ አዳራሽ ውስጥ ባርኔጣ ያደረገን ሰው እየዞረ የሚያስወልቅ ሰው! አስለቃሽ «ዛሬ ሰው ሁሉ አብዷል» ብላ አማትባ ወደ መድረክ ወጣች።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ደህና አለፉ። ሰው አለቀሰ፤ ልጅቷ ወጥታ ቀለደች፣ ሰው ሳቀ፤ እንደገና አለቀሰ። ከዚያ ያ የተፈራው መጋጠሚያ መጣ፤ ከዘፈኖቿ ሁሉ ከሚያሳዝነው በቀጥታ ወደ ጭፈራው መዝለል። አስለቃሽ የመጨረሻውን ድምፅ ይዛ፣ ትከሻዋን ሰቅላ ቆመች፤ «ቆይ የኔ ጌታ፣ ገና ነው» ማለቷ ነው። ነጎድጓድ ግን ጋሼ ወናፍ ጭፈራው እንዳያመልጠው ብሎ ያን የእንጨት ጫማ ወለሉ ላይ ያወርደው ጀመር። ድም! ድም! ድም! ሳንቃው የወናፍን ወንበር ያዘልለዋል። ልጅቷ ከመጋረጃው ጥግ ባትሪዋን በራሷ ፍጥነት ቦግ እልም ታደርጋለች። ባለ አዳራሹ ወንበር ላይ ወጥቶ ነጩን ባርኔጣ ያውለበልባል፤ ፍጠን ይበል ቀስ በል ይበል እሱም አያውቅም። ለካ እያንዳንዳቸው፣ አንዱ ከሌላው ደብቀው፣ ያን ምስኪን ብቻቸውን ሊያድኑት ቆርጠው መጥተው ኖሯል!

ወናፍ ምን ያድርግ? ቀኝ እጁ የነጎድጓድን ጫማ ተከተለ፣ ግራ እጁ የልጁን ባትሪ፣ ደረቱ የሚስቱን ትከሻ፣ ባርኔጣውን ሲያይ ደግሞ ሁሉንም ትቶ ይጀምራል። የወጣውን ድምፅ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ለቅሶና ሠርግ አንድ ቤት የተከራዩ ይመስል ነበር። ሕዝቡ ካባሬት ማለት ይኼ ነው ብሎ በሳቅ ፈነዳ! መስኮት ላይ የተቀመጠው ወደ ውጭ ወደቀ። ወናፍ የተከፈቱትን አፎች አየ... ከዚያ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ። ወደ ጫማው፣ ወደ ባትሪው፣ ወደ ባርኔጣው፣ ወደ ሚስቱ ትከሻ። ሁሉም እሱን ያያሉ። ሁሉም ፊታቸው ላይ አንድ ዓይነት ጭንቀት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው! አገር ያወቀውን ባለቤቱ ገና አሁን መስማቱ ነበር። እጁ ቆመ።

«ሁላችሁም?» አለ። ራሱን ስለማይሰማ ጮኾ ነበር የተናገረው።

ነጎድጓድ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀርቷል።

«አንቺስ? ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

አስለቃሽ ከንፈሯን እንዲያይ ቀረብ አለችና «ቆየ» አለችው።

«ሕፃን ልጅ እንደሚመሩ... ይህን ሁሉ ጊዜ...» ብሎ ማንገቻውን ከትከሻው አወለቀ፤ አኮርዲዮኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ የተኛ ልጅ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ በተመልካቹ ፊት ወደ መድረኩ ደረጃ ሄደ። ከኋላ ባለ አዳራሹ ባርኔጣውን ጨምቆ «ዕረፍቱን ያጠፋሁት እኮ ለእሱ ብዬ ነው! መጀመርና ማቆሙ ነው የሚያስቸግረው፣ ሳያቆም ይሂድ ብዬ ነው!» እያለ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። ሰው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ መሳቁን ያቆማል። ወናፍ ግን አንዱንም አልሰማም። ጨዋታ ነው ትወና ነው ብሎ ሰው ሲጠብቅ፣ የአንድ ሰው ሕይወት በሦስት ሳንቃ ደረጃ እየወረደ ነበር።

አስለቃሽ ሮጠች። ያ ቀሚስ ተተረተረ፤ ግድ አልሰጣትም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደረሰችበትና ክንዱን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ልቀቂኝ። ምያለሁ» አላት።

«መማልህን አውቃለሁ።»

«የማለ ሰው ይወርዳል።»

«የኔን ሾርባ ይህን ሁሉ ዘመን የበላህ ሰው፣ አንድ መሐላ መብላት ያቅትሃል?»

ከንፈሯን አነበበ። አፉ ሊስቅ ቃጣው፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ሸክሙን ጥሎ የሚያርፍ ተሸካሚ መሰለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሁን ከንፈርም አይታየውም፣ ትከሻም አይታየውም፤ አስለቃሽ በምን ትድረሰው? ከኋላው መጥታ ከበላዩ ባለው ደረጃ ላይ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ጀርባው ላይ ጣለች። ሌላ የምታደርገው ስላጣች፣ የጨነቃት ሴት የምታውቀውን ነገር ታደርጋለችና፣ ያቋረጠችውን ዘፈን ከመጀመሪያው አነሳችው።

በመጀመሪያ ወናፍ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አከርካሪው ቀስ እያለ ቀና አለ። እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ። ድምፅዋ በአጥንቷ ወርዶ በአጥንቱ እየገባ፣ ጎድኑን እየዞረ፣ ደረቱ ውስጥ ያን አኮርዲዮን የሚያቅፍበት ቦታ ላይ እየተቀመጠ ነበር። ወናፍ ጀርባውን ጠበቅ አድርጎ ወደ እሷ ገፋ፣ እንዳይቋረጥበት። ትንፋሽ ስትስብ እሱም ሳበ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ባዶ እጁን ብቻ ወደ መድረኩ ዘረጋ። ነጎድጓድ በዚያ ጫማ እየተደናቀፈ አኮርዲዮኑን አምጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ወናፍም ከዘፈኑ መሃል ገባ፤ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ዋናተኛ፣ ትክክል ቦታው ላይ፣ ትክክል ሰዓቱ ላይ። ልጅቷ ባትሪዋን አጥፍታ መጋረጃው ውስጥ ተጠቀለለች። ሕዝቡ? ሕዝቡን ተዉት። ከመስኮቱ ወደ ውጭ የወደቀው ሰውዬ እንኳ ተመልሶ ወጥቶ ያለቅስ ነበር።

ዕጣ ፈንታ የሚሏት ነገር እንግዲህ እንዲህ ናት። የሙዚቀኛን ጆሮ ትወስዳለች፣ የልብስ ሰፊን ዓይን ትወስዳለች፣ የተሸካሚን ወገብ ትወስዳለች፤ ምነው የሐሜተኛን ምላስ አትወስድ? ለምን ብላችሁ ብትጠይቋት አትመልስም፤ እሷ ራሷ ደንቆሮ ሳትሆን አትቀርም። ሰው ደግሞ ከዕጣው ባልተናነሰ የሚወዱት ሰዎች ያሰቃዩታል፤ እያዳኑት ነው መድረክ ላይ ያፈረሱት። ብቻ ፍቅር በአንድ በኩል ሲሳሳት በሌላ በኩል ሳያስበው ይደርሳል። ይህን የምለው ዘፈኑ ሲያልቅ የሆነውን ስላየሁ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሁለቱ ግን ጀርባ ለጀርባ እንደተደገፉ ቁጭ ብለው ቀሩ። ወናፍ አንገቱን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገና «አንቺ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅሽ ወርዷል» አላት።

አስለቃሽ ጀርባዋን ሳታላቅቅ፣ ወደ መድረኩ እያየች፣ «የወረደው እያለቀስኩ ስለነበር ነው» አለች።

«ሰምቻለሁ» አላት።